አሮጌ ትእዛዝ ለአዲስ ኮምፓይለር

ትናንት ያለ አንዳች እንከን ይሠራ የነበረ ፕሮግራም፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት፣ ኮምፓይለሩ በአዲስ በተተካ ማግስት «አልሠራም» ሲል ይገኛል። የኮምፒዩተር ትምህርት ለሚከታተል ተማሪም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ለሚጠብቅ ወጣት ሠራተኛ ይህ ሳይገጥመው የሚቀር ነገር አይደለም።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። የሚያዝዘውም ሰው ሥራው እንዴት እንዲከናወን እንደሚፈልግ በትእዛዙ መስመር ላይ በልዩ ልዩ ምልክቶች ይነግረዋል። ያልተነገረውን ግን ኮምፓይለሩ በራሱ ልማድ ይሞላዋል። ችግሩ የሚመጣውም ይኸው ልማድ ሲለወጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን፣ ሪቻርድ ስቶልማን ጀምሮት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ለሕዝብ የወጣው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ነው። ጂሲሲ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሲን ቋንቋ በ1990 ደንብ ይተረጉም ነበር፤ በ2015 የወጣው 5ኛው እትም ግን ወደ 2011 ደንብ ተሻገረ። ቀድሞ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው አንድ ስም በሁለት ፋይሎች ቢገኝ እንደ አንድ ይቆጠር ነበር፤ ከ2020ው 10ኛ እትም ወዲህ ግን «ስሙ ሁለት ጊዜ ተበይኗል» ተብሎ ሥራው ይቆማል። በ2024 የወጣው 14ኛው እትም ደግሞ ሳይታወጅ የተጠራን ፋንክሽን፣ ቀድሞ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፈው የነበረውን፣ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሳል።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አሮጌው ልማድ ያልታወጀው ፋንክሽን የሚመልሰው ተራ ቁጥር ነው ብሎ ይገምታል። ፋንክሽኑ የሚመልሰው የሜሞሪ አድራሻ የሆነ እንደሆነ ግን፣ በ64 ቢት ኮምፒዩተር ላይ ተራው ቁጥር 32 ቢት ብቻ ስለሚይዝ፣ የአድራሻው እኩሌታ ተቆርጦ ይቀራል። ፕሮግራሙም በሥራ ላይ ሳለ፣ ማንም ባላሰበው ሰዓት ይወድቃል።

እርግጥ ወደ አሮጌው ልማድ የሚመልሱ ምልክቶች አሉ። ለ10ኛው እትም «ኤፍኮመን»፣ ለ14ኛው «ኤፍፐርሚሲቭ» የተባሉት ናቸው። ቀን የጠበበበት ሠራተኛ እነዚህን ጨምሮ ሥራውን ቢያሳልፍ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አለመሆናቸውን አይርሳ፤ ስሕተቱ ጸጥ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ አዲስ ኮምፓይለር የሚረከብ ሰው አስቀድሞ የቀድሞዎቹን ምልክቶች አንድ በአንድ ይዘርዝርና «ይህ ለምን ተጻፈ?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱ ያለፈበትን ይሰርዝ። የቋንቋውን ደንብ ለኮምፓይለሩ ልማድ ሳይተው በግልጽ ይጻፍ። የጋራውን ስም በአንድ ፋይል ብቻ በይኖ በሌሎቹ «ኤክስተርን» በሚለው ቃል ያስታውቅ፤ እያንዳንዱንም ፋንክሽን ከመጥራቱ በፊት ያውጅ። በመጨረሻም የአሮጌውንና የአዲሱን ውጤት ጎን ለጎን ያመዛዝን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ትእዛዙን ከነምክንያቱ የሚያውቅ ሠራተኛ ኮምፓይለሩ ቢለወጥ አይደነግጥም።