የወፍ ጎጆና የቀማኛ አጥር

የህንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ወይ ተራራ ላይ የሚዘፍኑ ጥንዶች፣ ወይ በአንድ ቡጢ ሃያ ሰው የሚዘርር ጀግና ነው። «ኮስላ ካ ጎስላ» ላይ ሁለቱንም ብትፈልጉ አታገኙም። ያለው አንድ የደልሂ አባወራ፣ አንድ ባዶ ቦታና አንድ ሌባ ነው። ሌባው ደግሞ በር ሰብሮ የሚገባ ዓይነት አይደለም። ቢሮ አለው፣ ሠራተኞች አሉት፣ እየተሽቆጠቆጠ ነው የሚቀማው።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን ለዳይሬክተሩ ለዲባካር ባነርጂ የመጀመሪያው ነው። ድርሰቱ የጃይዲፕ ሳህኒ ነው። በህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትም የዓመቱ ምርጥ የሂንዲ ፊልም ተብሏል። «ጎስላ» የወፍ ጎጆ ማለት ነው። ቤት መሥራትን «ጎጆ መቀለስ» ለምንል ለእኛ ርዕሱ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ያየሁት ከአባቴ ጋር ነው፤ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ ከታች የሚሄደውን እንግሊዝኛ እያነበብኩለት።

ኮስላ (አኑፓም ኬር) የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አሟጦ ቦታ ይገዛል። ሐሳቡ ልጆቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ነው። ትንሹ ልጅ ቼሪ ግን በድብቅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ቪዛ እየጨረሰ ነው። ቦታቸው ጋ ሲደርሱ ታጥሮ፣ ተቆልፎ ያገኙታል። ያጠረው ኩራና (ቦማን ኢራኒ) የሚባል የመሬት ደላላ ነው። እንዲለቅ ከተፈለገ 15 ላክ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ይከፈለው! ሰውየው የገዛ ቦታውን እንደገና ሊገዛ ነው።

እስከዚህ ድረስ አባቴ እየሳቀ ነበር። አጥሩ ጋ ስንደርስ ዝም አለ። እሱም ለቤት ብሎ ስንት ዓመት የቆጠበ ሰው ነው።

ኮስላ ያልሞከረው የለም። ፖሊስ ዘንድ ቢሄድ ጠብ የሚል ነገር የለም። በጡንቸኛ ቦታውን ለማስለቀቅ ቢሞከር፣ የታሰረው ራሱ ነው። በቃ፣ ሕጉ ለቀማኛው ይሠራል፣ ለባለቤቱ አይሠራም። የፊልሙ ቀልድ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው፤ ማንም ሰው ለማሳቅ ብሎ አይወድቅም፣ አይንጋደድም።

ማለቂያውን መስማት የማትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙ።

ቼሪና ጓደኞቹ አንድ ነገር ይገባቸዋል፦ ኩራናን የሚያሸንፈው የራሱ ስግብግብነት ብቻ ነው። አሠራሩን ከውስጥ የሚያውቀው አሲፍ ዕቅዱን ያወጣል። የቲያትር ቡድን መሪ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከዱባይ የመጡ ሀብታም ሆነው ይተውናሉ፤ የመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤትን መሬትም «የእኔ ነው» ብለው ለኩራና ሊሸጡለት ይደራደራሉ። ሽማግሌው በፍርሃት እየተንቀጠቀጡ ሲተውኑ እኛም አብረን ነበር የምንንቀጠቀጠው። ኩራና ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ የት ሄዶ ይክሰስ? በሰው መሬት ሲነግድ የኖረ ሰው በሰው መሬት ተሸወድኩ ይበል?

እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ሲጀምር ኮስላ ሞቶ፣ ቤተሰቡም ግድ ሳይሰጠው በሕልሙ ያያል። አባትና ልጅ በወጉ አይነጋገሩም። የሚቀራረቡት አብረው ማጭበርበር ሲጀምሩ ነው። ጨዋ ቤተሰብ ሐቁን ለማስመለስ መዋሸት ግድ ሆኖበት፣ በዚያው ቤተሰብ ይሆናል። ይህ ያስቃል፣ ደግሞም ያማል።

ሲያልቅ እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። አባቴ መነጽሩን እያወለቀ፣ «እሱስ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ነበረው» አለኝ። «ቲያትር የሚሠራለት የሌለው ሰውዬስ ምን ይሁን?»

መልስ አልነበረኝም። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁና ሻይ ልጥድለት ተነሣሁ።