«ማን ሞተ?»

ዴንቨር፣ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አምስት ስድስት መኪና መብራቱን አጥፍቶ አንድ ደጅ ላይ ሲቆም ያየ ሐበሻ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። መርዶ ነው። ጥቁሩ ነጠላ ካፖርት ስር ተሸጉጧል። ሽማግሌው ከማንኳኳታቸው በፊት «ሁሉም መጥቷል?» ይላሉ። ገብታ የሐዘንተኛውን የመኪና ቁልፍ ከጠረጴዛ የምታነሳ ሴትም አስቀድማ ታዝዛለች።

ብቻውን ላለ፣ ሥራ ላይ ለዋለ፣ መሪ ለጨበጠ ሰው መርዶ አይነገርም። አዲስ አበባ እናቱ ያረፉበት ልጅ «ትንሽ አሟቸዋል» እየተባለ ሁለት ቀን ይቆያል፤ እዝኑ ግን ጎረቤት ቤት ተሰናድቷል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ፌስቡክ ላይ በችኮላ የተለጠፈ አንድ «ነፍስ ይማር» ያፈርሰዋል።

ማድበስበስ የእኛ ብቻ አይደለም። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር ሳለ (የተዘጋው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው) ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የበጋ ቢሮ ነበራቸው። በሴፕቴምበር 1955 ዴንቨር ውስጥ ልባቸውን ሲያማቸው፣ ለጋዜጠኞች መጀመሪያ የተነገረው የሆድ ሕመም ነው። እውነቱ የወጣው ከሰዓታት በኋላ ነበር፤ ኦሮራ ወደሚገኘው ፊትዝሲሞንስ ሆስፒታል ሲወሰዱ።

ዛሬ ግን የአሜሪካ ሐኪም ካንሰሩን ለታማሚዋ ፊት ለፊት ይነግራታል። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለኢትዮጵያዊ ታማሚ ክፉ ወሬ በቅድሚያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገር መክረው ነበር። ብዙ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው አስተርጓሚ የሆነው ልጅ ነው፤ «ካንሰር» የተባለው እናቱ ጆሮ ሲደርስ «እባጭ» ይሆናል። ልጁ የአስራ ሦስት ዓመት ከሆነስ? ከ2016 ወዲህ የፌዴራል ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ሕፃን ልጅን ማስተርጎም ይከለክላል። ተገቢ ነው፤ ያን ቃል በልጅ ትከሻ ማሸከም ግፍ ነው።

የኮሎራዶ ሕግ ግን ሳያስበው ወደ እኛ ቀርቧል። ታማሚ መወሰን ሲያቅተው፣ ወኪልም ካልሰየመ፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከትዳር ጓደኛ ጀምረው በተራ ይወክሉለታል። ኮሎራዶ ውስጥ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድም፣ የልጅ ልጅ፣ የቅርብ ወዳጅም ሳይቀር መክረው በስምምነት አንድ ሰው ይመርጣሉ። ሽምግልና ይሉታል ይሄ ነው! ካልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ታላቅ ወንድም ጎንደር፣ ታናሽ እህት ኦሮራ ሲሆኑ፣ ዘጠኝ አስር ሰዓት በሚለያይ ስልክ መስማማት ቀላል አይደለም።

በጤና ሳሉ ወኪል መሰየም ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ቅጹ በኮሎራዶ ሕግ ከፊርማ በቀር ምስክር እንኳ አይጠይቅም። ከባዱ ጉዳዩን ማንሳቱ ነው። ወረቀቱን በቦርሳዋ የያዘች ልጅ ወንድሟን፣ አክስቷን፣ የንስሐ አባታቸውን ለቡና ትጠራለች። እናት በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል።

«ማን ሞተ?»