የሚያስወድደው ርቀቱ ነው ወይስ መቆሙ?

«ዕቃ የሚወደደው ወደብ ስለሌለን ነው» የሚለው አባባል ከመርካቶ ሱቅ እስከ ስብሰባ አዳራሽ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ሆኗል። ከባዶ የተነሳ አይደለም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋ፤ ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጥናትም ይህን ሥጋት አያጣጥልም። ኑኖ ሊማዎና አንቶኒ ቬነብልስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሥራ፣ ከሁለቱም ወገን መካከለኛውን አገር ወስደው ሲያነጻጽሩ፣ የባሕር በር የሌለው የማጓጓዣ ወጪ የባሕር በር ካለው በ55 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ያው ጥናት ግን እምብዛም የማይጠቀስ ሌላ ግማሽ አለው፦ የራስና የመተላለፊያው አገር መሠረተ ልማት ሲሻሻል ያ ጉዳት በብዙ ይቃለላል። ካርታው ሁሉን አይወስንም ማለት ነው። እዚህ የምሟገተው አንድ ነገር ነው፦ በኮንቴይነር ላይ ከሚቆለለው ወጪ ልንቀንሰው የምንችለው አብዛኛው፣ ኮንቴይነሩ ሲጓዝ ሳይሆን ቆሞ ሲውል የሚመጣ ነው።

ይህን ለመረዳት ኮንቴይነር ለምን እንደተፈለሰፈ ማስታወስ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን ስትነሳ፣ አዲሱ ነገር የብረት ሳጥኑ አልነበረም፤ ሳጥን ከዚያም በፊት ነበር። አዲሱ ነገር ዕቃው ከላኪው ደጅ ተዘግቶ ተቀባዩ ደጅ እስኪደርስ አለመከፈቱ ነው። በሰው ትከሻ ሲሆን በቶን ወደ 6 ዶላር ይጠይቅ የነበረው የመጫኛ ወጪ በዚያች መርከብ ላይ ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። የኮንቴይነር ጥቅም ያለማቋረጥ መንቀሳቀሱ ነው። የቆመ ኮንቴይነር በአንጻሩ ውድ መጋዘን ነው፤ ለሳጥኑ ባለቤት ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ)፣ ለወደቡ የማከማቻ ኪራይ፣ ለባንኩ ወለድ በየቀኑ ይቆጥራል። ዴቪድ ሁመልስና ገዮርግ ሻወር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት አንድ ዕቃ መንገድ ላይ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ቀን ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ ከሚደርስ ቀረጥ ጋር እንደሚስተካከል ገምተዋል። አሥር ቀን መዘግየት ማንም ያላወጀው ታሪፍ ነው።

«የራሳችን ወደብ ቢኖረን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» የሚለውን መልስ የሚፈትን ጥሩ ማስረጃ አለ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥናት የደርባንን፣ የዱዋላን፣ የሎሜን፣ የቴማን፣ የሞምባሳንና የዳሬሰላምን ወደቦች መርምሯል። ሁሉም የባሕር በር ያላቸው አገሮች ወደቦች ናቸው። ጥናቱ እንዳገኘው፣ ከደርባን በቀር፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ወደቦች አንድ ጭነት በአማካይ ወደ 20 ቀን ይቆያል፤ በእስያና በአውሮፓ ትልልቅ ወደቦች ግን 4 ቀን አይሞላም። ከወደብ እስከ መሀል አገር ከተሞች ከሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ በላዩ የሚያልቀውም እዚያው ወደቡ ውስጥ ነው። ጋና ቴማ የራሷ ነው፤ ካሜሩን ዱዋላ የራሷ ነው፤ ዕቃው ግን ቆሟል። ከሁሉ የሚያስገርመው ምክንያቱ ነው። ጥፋቱ የክሬን እጥረት ወይም የጉምሩክ መጓተት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ አስመጪዎች ራሳቸው ዕቃውን ቶሎ ማውጣት የማይፈልጉ መሆናቸው ታየ። የወደቡ ማከማቻ ከከተማ መጋዘን ኪራይ ሲረክስ፣ ቀረጥ መክፈያ ገንዘብ ሲያጥር፣ ወይም የተቀመጠ ዕቃ ዋጋው በየሳምንቱ ሲጨምር ማቆየት ያዋጣል። ይህ አመክንዮ በእኛው የሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የማይሠራበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የሞጆ ደረቅ ወደብ የታሰበው ዕቃ እንዲያልፍበት እንጂ እንዲከማችበት አይደለም። የኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ሰነድ ባንክ ውስጥ ሲዘገይ፣ ዕቃ አስለቃቂው ትራንዚተር አንድ ወረቀት ጎድሎት ሲመላለስ፣ ባለንብረቱም ገበያ ሲጠብቅ ማለፊያው በር ጎተራ ይሆናል።

ስለ ጭነት መኪናም የተለመደው አስተሳሰብ «መኪና አነሰን» የሚል ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። ከጅቡቲ በጋላፊና በሰመራ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ተሳቢ ለመሄጃው ሦስት፣ ለመመለሻው ሦስት ቀን ቢፈጅ፣ ለመጫኛና ለማራገፊያ አንድ ቀን ቢጨመርለት በወር አራት ጊዜ ይመላለሳል። ጅቡቲ ላይ አራት፣ ሞጆ ላይ አራት ቀን ወረፋ ቢጠብቅ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። የመኪናው የባንክ ዕዳ፣ መድን፣ የሾፌሩና የረዳቱ ደመወዝ በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው፤ በአራት ጉዞ ይካፈል የነበረው በሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ላይ የሚያርፈው ድርሻ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ መቶ ተሳቢ መግዛት ወረፋውን ከማስረዘም በቀር ምንም ላይፈይድ ይችላል፤ መኪናው የሚቆምበትን ቀን በግማሽ መቀነስ ግን አንዲት ዶላር ሳይወጣ መኪና እንደ መጨመር ነው። በእርግጥ እውነተኛ እጥረት የሚታይባቸው ወራት አሉ። ማዳበሪያ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲገባ፣ ዘር ጊዜ አይጠብቅምና መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይመደባል፣ ኮንቴይነሩም ተራውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በድርቅ ምክንያት የተገዛ የእርዳታ ስንዴ ከማዳበሪያ ጋር ሲገጣጠም መርከቦች ጅቡቲ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ነበር። ይህ የዕቅድ ጉዳይ ነው፤ የዘር ወቅት በየዓመቱ ሳይታሰብ የሚመጣ እንግዳ አይደለም።

ባቡሩ ላይ የተጣለው ተስፋም መስተካከል አለበት። 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ ብዙዎች የተሳቢው ዘመን አበቃ ብለው ነበር። አላበቃም፤ ባቡሩም በዚህ ምክንያት ከንቱ አይደለም። አንድ ባቡር መቶ ያህል ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን በአንድ ጉዞ ይስባል፤ ለእንዲህ ያለ ርቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን ባቡር የአስመጪው ግቢ አይገባም። ጣቢያ ላይ ሳጥኑ ወርዶ መኪና ላይ ይጫናል፣ እያንዳንዱ ማንሳትና ማውረድም ገንዘብና ሰዓት ነው። ጣቢያው ላይ ሳጥኑን የሚቀበል መኪና፣ ክሬንና ያለቀ ሰነድ አብሮ ካልጠበቀው ባቡሩ ያተረፈውን ሰዓት ጣቢያው ይበላዋል።

በጣም ከተዘነጉት ጉዳዮች አንዱ ባዶ መመለስ ነው። «ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ነው፣ ባዶውን መመለስ እኛን አይመለከትም» ይባላል። ይመለከተናል፤ ተሳቢው ወደ ጅቡቲ ባዶ ሳጥን ይዞ ሲወርድ የመመለሻው ነዳጅ የሚከፈለው በገባው ዕቃ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው። ወደ ውጭ የምንልከው በክብደት ከምናስገባው እጅግ ያንሳል። የወጪ ንግድ ገቢ አደገ ሲባል ደስ ይላል፤ ወርቅና አበባ ግን በአውሮፕላን ይሄዳሉ እንጂ አንዲት ተሳቢ አይሞሉም። ኮንቴይነር የሚሞሉት ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ናቸው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና 320 ያህል ይይዛል። ብዙ ቡና ለረጅም ጊዜ በጆንያ ተጭኖ ወርዶ ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው ጅቡቲ ላይ ነበር፤ አንዱ መኪና ቡና በሸራ ሸፍኖ ሲወርድ ሌላው ባዶ ሳጥን ተሸክሞ ይከተለው ነበር። ቡናው አገር ውስጥ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ቢታሸግ የሁለቱን ሥራ አንድ መኪና ይሠራዋል።

«ታዲያ ለጅቡቲ በየዓመቱ የምንከፍለው ገንዘብስ?» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ ተገቢ ነው። ከዚያ ክፍያ ግን ዲመሬጅና የማከማቻ ኪራይ የሆነው የቀኖች ውጤት ነው፤ የመጫኛ፣ የክሬንና የጥልቅ ወደብ አገልግሎት የሆነው ደግሞ ወደቡ የራስ ቢሆንም በግንባታና በጥገና መልክ የሚከፈል ነው። አማራጭ ወደብ መኖሩ የመደራደር አቅም ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በበርበራ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በላሙ ደግሞ የመጀመሪያው ማረፊያ ሥራ መጀመራቸው ለዚህ ጠቃሚ ነው። የባሕር በር ጥያቄ ከጭነት ዋጋ ውጭ የደኅንነትና የታሪክ ምክንያቶችም አሉት፤ ያንን አልነካም። በዋጋ ላይ ግን የዩጋንዳ ተሞክሮ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ኬንያ ቀረጥ በመጀመሪያው መግቢያ ላይ እንዲሰላ አድርገው፣ የኬላ ፍተሻና የሚዛን ጣቢያ ሲቀንሱ፣ ከሞምባሳ እስከ ካምፓላ 18 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 4 ወይም 5 ቀን ወረደ። ባሕሩ ለካምፓላ በአንድ ክንድ እንኳ አልቀረበላትም። የተለወጠው የወረቀቱ ቦታና የቆይታው ርዝመት ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው እንደሚነገረን ሁሉ፣ አንድ ኮንቴይነር በአማካይ ጅቡቲ ላይ ስንት ቀን፣ ሞጆ ላይ ስንት ቀን፣ ባዶው እስኪመለስ ስንት ቀን እንደቆየ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ። አንባቢም በቀጣይ «ወደብ ስለሌለን ነው» ሲባል ሲሰማ፣ «ዕቃው ስንት ቀን ቆመ? ማን ዘንድ?» ብሎ ይጠይቅ።