ስለ ነርቭ ሕመም መድኃኒትና ስለ ጠጕር መርገፍ

የራስ ጠጕር ለወንዱም ለሴቱም ጌጥ እንደ መሆኑ መጠን፥ ሲረግፍ ማየት ልብን ያስደነግጣል። ይልቁንም ጠጕሩ የረገፈበት ሰው ቀድሞውኑ በሕመም ላይ ያለ፥ ለሕመሙም ማስታገሻ በየቀኑ ኪኒን የሚውጥ እንደ ሆነ ድንጋጤው እጥፍ ይሆናል፤ ወዲያውም ጥፋቱን ሁሉ በሚውጠው ኪኒን ላይ ያሳብባል። ዛሬ በብዙ አገር ለነርቭ ሕመምና ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ጋባፔንቲን የተባለው መድኃኒት ይህ ክስ ከሚቀርብባቸው አንዱ ነው። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ሕመምተኛው ነገሩን ሳይመረምር ፈርዶ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ቢጥለው፥ የሚደርስበት ጉዳት ከጠጕር መርገፍ እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ጋባፔንቲን፥ በንግድ ስሙም ኒውሮንቲን የሚባለው፥ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት የተፈቀደው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በመጀመሪያ የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ፥ ያውም ለብቻው ሳይሆን ከሌላ መድኃኒት ጋራ ተደርቦ እንዲሰጥ ነበረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የማቃጠልና የመውጋት ሕመም ተፈቀደ። ሠሪዎቹ ያሰቡት በአንጎል ውስጥ ነርቮችን የሚያረጋጋውን፥ ጋባ የሚባለውን ንጥረ ነገር መስሎ እንዲሠራ ነበረ፤ ስሙም ከዚያ የተወሰደ ነው። ኋላ ሲመረመር ግን ሥራው በሌላ ስፍራ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ካልሲየም ወደ ነርቭ በሚገባበት በር ላይ ተጣብቆ፥ ነርቩ የሕመሙን መልእክት ከልክ በላይ እንዳያስተላልፍ መግታት ነው። ስሙና ሥራው ሳይገናኙ መቅረታቸው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ወደ ክሱ ስንመለስ፥ በእንግሊዝ አገር የሚወጣው የመድኃኒቱ መግለጫ በቆዳ ላይ ሊደርሱ ከሚችሉት ነገሮች መካከል የጠጕርን መርገፍ ይቈጥራል። ነገር ግን ከመቶ ወይም ከሺህ ሰው ይህን ያህሉን ያገኛል አይልም፤ «መጠኑ ያልታወቀ» በሚለው ረድፍ ያኖረዋል እንጂ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። መጠኑ አልታወቀም ማለት ብዙ ነው ማለት አይደለም፤ ከቶ የለም ማለትም አይደለም። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ከልዩ ልዩ ስፍራ ሐኪሞችና ሕመምተኞች የጻፉት ማስታወቂያ ይሰበሰባል። የጻፉት ይቈጠራሉ፤ ጠጕራቸው ረግፎ ዝም ያሉት ግን አይቈጠሩም፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ በሌላ ምክንያት ጠጕራቸው የረገፈባቸውም ከዚያው ተቀላቅለው ይገኛሉ። እንግዲህ ይህ ተካፋዩ እንጂ አካፋዩ ያልታወቀ ሒሳብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሐኪሞች ከጋባፔንቲን ጋራ የተያያዘ አንድ የጠጕር መርገፍ በመድኃኒት መጽሔት ላይ ሲያወጡ የመጀመሪያው ነው ብለው ነበር። ይህም መድኃኒቱ በአሜሪካ በተፈቀደ በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ራስ ማዞር፥ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፥ ሲሄዱ መንገዳገድና የእግር ማበጥ ግን ገና በሙከራው ጊዜ በግልጥ የታዩ ናቸውና፥ የጠጕር መርገፍ ከእነዚህ ጋራ የሚተካከል አይደለም።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት የጠጕርን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። በሰው ራስ ላይ መቶ ሺህ የሚያህል ጠጕር አለ። እያንዳንዱ ጠጕር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ማደጉን እየተወ ይሄዳል፤ ቀጥሎም ሦስት ወር ያህል ዐርፎ ይቈይና ይወድቃል፤ በስፍራውም አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ራስ ላይ ከዐሥሩ እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ሁልጊዜ በዕረፍት ላይ ነው፤ በየቀኑም ከ50 እስከ 100 የሚሆን ጠጕር ቢወድቅ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሰውነት ታላቅ መናወጥ ሲደርስበት ግን ገና በማደግ ላይ የነበረው ብዙ ጠጕር በአንድነት ወደ ዕረፍት ይገባል። በዚያን ሰዓት ምንም አይታይም። ሁለት፥ ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም አራት ወር ካለፈ በኋላ ግን በማበጠሪያና በትራስ ላይ በብዛት ይገኛል። አልበርት ክሊግማን የተባሉት አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ይህን ነገር በ1961 ዓ.ም. ለይተው ጽፈውታል። ብዙ መድኃኒቶች ጠጕርን የሚያረግፉት በዚሁ መንገድ ነው። የካንሰር መድኃኒት ግን የሚያድገውን ጠጕር በቀጥታ ስለሚመታው መርገፉ በሳምንታት ውስጥ ይታያል።

ከዚህ የምንረዳው ዛሬ የሚወድቀው ጠጕር የሚመሰክረው ስለ ትናንት ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ስለ ሆነው ነገር መሆኑን ነው። ኪኒኑን በዚህ ሳምንት የጀመረ ሰው በዚሁ ሳምንት ጠጕሩ ቢረግፍ ኪኒኑን ሊከስስ አይገባውም።

ይህን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት ሴት በጥቅምት ወር መጀመሪያ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት እንበል። ትኵሳት ይዟት ሰነበተች፤ ከሕመሙ ጽናት የተነሣ እንቅልፍ አጣች፤ እህልም አስጠላት፤ ከሰውነቷም ብዙ ቀነሰች። ቍስሉ ደርቆ ሕመሙ ስላልተዋት በጥቅምት መጨረሻ ሐኪሙ ጋባፔንቲን አዘዘላት። ጥር ገብቶ ሕመሙ ሲቀልላት ጠጕሯ ይረግፍ ጀመር። ዓይኗ የሚያየው ኪኒኑን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የምትውጠው እርሱ ነውና። ነገር ግን ከጥር ወደ ኋላ ሦስት ወር ቢቈጠር ኪኒኑም፥ ትኵሳቱም፥ አለመብላቱም፥ እንቅልፍ ማጣቱም ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ መካከል ኪኒኑን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ኪኒኑን ፈጽሞ ነጻ ማውጣትም እንዲሁ። ጥቅምት ምን ምን እንዳለፈባት የሚጠይቅ ሐኪም ካላገኘች፥ ጥር ላይ የሚሰጣት መልስ ግምት ብቻ ይሆናል።

ከመድኃኒት ሌላ ደግሞ ብዙ ምክንያት አለ። የደም ማነስና የብረት ንጥረ ነገር ጕድለት፥ በአንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛት ወይም መቀነስ፥ ወሊድ፥ ቀዶ ጥገና፥ ፈጥኖ መክሳት፥ ብርቱ ኀዘን፥ እነዚህ ሁሉ በዚያው በሦስት ወር ሕግ ጠጕርን ያረግፋሉ። የመርገፉ መልክም ራሱ ይናገራል። በመድኃኒት የሚመጣው መርገፍ ብዙውን ጊዜ በራስ ሁሉ ላይ ተዘርቶ ጠጕሩን ያሳሳዋል። በክብ ቅርጽ እየለየ የሚላጭ እንደ ሆነ ላሽ ወይም ቆረቆር ይሆናልና መታየት ያለበት በዚያ ረገድ ነው። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር ብቻ የሚሸሽ እንደ ሆነ ደግሞ አጥብቆ የተጐነጐነ ሹሩባ ሥሩን ጐትቶት ሊሆን ስለሚችል፥ ኪኒኑን ከመጠየቅ በፊት ሠሪዪቱን ማለዘብ ይቀድማል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በጠጕር ላይ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ኃይሉ የተገኘው ቫልፕሮዬት ጠጕርን በማርገፍ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። መጠኑ በጨመረ ቍጥር መርገፉ ይጨምራል፤ መጠኑ ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ጠጕር አንዳንድ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ተጠቅልሎ ይበቅላል። በ1938 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ፌኒቶይን ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በማይፈለግበት በፊትና በክንድ ላይ ሳይቀር ጠጕር ያበቅላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ደርቦ የሚወስድ ሰው፥ ለምሳሌ ቫልፕሮዬትና ጋባፔንቲን፥ ጠጕሩ ቢረግፍ በመጀመሪያ መመርመር የሚገባው ቫልፕሮዬቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንመጣለን። ብዙ ሰው፥ ይልቁንም ወጣቶች ሴቶች፥ የጠጕራቸውን መርገፍ ለሐኪም ለመንገር ያፍራሉ፤ ሐኪሙም አንዳንድ ጊዜ ነገሩን እንደ ቀላል ቈጥሮ ያልፈዋል። ከዚህ በኋላ ሕመምተኛይቱ ለማንም ሳትነግር ኪኒኑን ትተወዋለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ይችላል፤ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ፥ ሰውዬው ነፍሱን ሳያውቅ የሚቈይበት፥ ለሞትም የሚያደርስ ሁኔታ ይመጣል። በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አግኝተው በ1990 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ምድጃ በቤት ውስጥ በሚነድበት፥ ውኃም ከወንዝ በሚቀዳበት አገር አንድ ጊዜ መውደቅ ማለት እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ መውደቅ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው፥ በኢትዮጵያ ለብዙው ሕመምተኛ የሚሰጠው ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው ፌኖባርቢታል ነው እንጂ ጋባፔንቲን አይደለም። በድንገት የመተው አደጋ ግን በፌኖባርቢታል ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ጋባፔንቲንም ቢሆን መቋረጥ ካለበት ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ እንዲቆም መግለጫው ያዝዛል፤ ብዙ ሐኪሞችም ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይሰጡታል።

ነገር ግን መድኃኒቱን ሁሉም ሰው በእኩል ምክንያት አይወስደውም። የመጀመሪያው ባለቤቱ ዋርነር ላምበርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መድኃኒቱን ላልተፈቀደለት በሽታ ሁሉ ሲያስነግር ተገኝቶ በ2004 ዓ.ም. ጥፋቱን አምኗል፤ እርሱን የገዛው ፋይዘርም 430 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ጋባፔንቲን በቂ ማስረጃ በሌለበት ሕመም እየታዘዘ የሚሰጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ መመዘን የሚገባው ይህ ነው። ከመውደቅ የዳነበት ወይም ከአልማዝ ባለጭራ ሕመም ዐርፎ የሚተኛበት ሰው ጥቂት ጠጕር ቢሳሳበት መታገሥ ይሻለዋል። ወራት ሙሉ ውጦት ምንም ያልጠቀመው ሰው ግን ስለ ጠጕሩ ብሎ ሐኪሙን «ይህን መድኃኒት ስለ ምን እወስደዋለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ሐኪሙም መልስ ሊሰጠው ይገባል።

በእውነት መድኃኒቱ ሆኖ ሲገኝ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መለወጥ ይቻላል። መርገፉም ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቆማል፤ ሥሩ አልሞተምና ጠጕሩ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን ጠጕር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ የቀድሞው ርዝመት እስኪመለስ ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ስትሆን ግን የሚለወጠው መድኃኒት ለፅንስ እንዳይጐዳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቫልፕሮዬት በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋ መሆኑ ታውቋል።

በመጨረሻም ስለ ባዮቲን አንድ ቃል መጨመር ያሻል። ይህ ቪታሚን ለጠጕር ይጠቅማል እየተባለ በየመድኃኒት ቤቱ በብዛት ይሸጣል። የባዮቲን ጕድለት የሌለበት ሰው ቢወስደው ጠጕሩን ይመልስለታል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። ከዚህም በላይ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2017 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በብዛት የተወሰደ ባዮቲን አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል፤ ከእነዚህም አንዱ የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚለካው ምርመራ ነው። የጠጕሩን መርገፍ ምክንያት ለማወቅ ደሙን ሊሰጥ የሚሄድ ሰው ባዮቲን የሚወስድ እንደ ሆነ፥ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙና ለላቦራቶሪው ሊናገር፥ ስንት ቀንም አስቀድሞ ማቆም እንደሚገባው ሊጠይቅ ያስፈልገዋል።