አድራሻውን ሳይለቅ የሚጓዝ ስልክ

በዋይፋይ የጀመርነው የኢንተርኔት ጥሪ፣ ምናልባትም ከሐኪም ጋር የምናደርገው ምክክር፣ ከሕንፃው ወጥተን ወደ ሞባይል ኔትወርክ ስንሻገር ሊቋረጥ ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የኢንተርኔት አድራሻ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ መሣሪያው ማን እንደሆነም፣ የት እንደሚገኝም ያመለክታል። ስለዚህ ቦታው ሲለወጥ ማንነቱም እንደተለወጠ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሞባይል አይፒ ስሪት 6 ደንብ ሸክሙን በስልኩ ላይ ጣለ። ስልኩ በልዩ ሶፍትዌር አማካይነት አዲስ ቦታውን ራሱ እንዲያስታውቅ ተደረገ።

በ2008 የወጣው ፕሮክሲ ሞባይል አይፒ ስሪት 6 ግን ሥራውን ለኔትወርኩ ሰጠው። የፖስታ ሣጥን ያለውን ሰው እናስብ፤ ቤት ቢቀይርም የሣጥኑ ቁጥር አይለወጥም። እዚህም «መልሕቅ» የሚባል ማዕከል የስልኩን አድራሻ ጠብቆ ያቆያል። ስልኩ ወደ አዲስ ጣቢያ ሲደርስ የጣቢያው መግቢያ በር ስለ እርሱ ሆኖ ለመልሕቁ ያስታውቃል፤ መልሕቁም መረጃውን በአዲሱ መንገድ ይልካል።

ይህ ማለት ግን ስልኩ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ዋይፋይና ሞባይል የተለያዩ የሬዲዮ ክፍሎች ስላሏቸው፣ አንዱን አድራሻ በሁለቱም ለመጠቀም የስልኩ ሶፍትዌር መተባበር ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ሁለቱ ኔትወርኮች በአንድ መልሕቅ ሥር መሆን ወይም በስምምነት መተሳሰር አለባቸው። ኔትወርኮቹ የማይተዋወቁ ከሆነ ቴክኒኩ ብቻውን ጥሪውን አያድነውም።