አምስቱ ጊጋባይት የት ገቡ?

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ትማራለች። ላፕቶፗ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ420 ነው፤ ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሞዴል። ኤክሴል ከፍታ ብራውዘር ስትጨምርበት ማሽኑ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስ ይላል። ያዩላት ሁሉ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አሏት።

ከመፍረድ በፊት ታስክ ማናጀርን ከፈትን። ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ሞልቷል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ደግሞ ፋታ የለውም። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አብረው ከታዩ ቫይረስን ከመጠርጠር በፊት ራምን መጠርጠር ይገባል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈልገውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸሻል፤ ሲፈልገው መልሶ ያመጣዋል። ራም የተጠየቀውን በቢሊዮንኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ሲያቀብል፣ የሚሽከረከር ዲስክ ግን በሺህኛ ክፍልፋዮች ነው የሚሠራው። ድንዛዜው የመጣው ከዚህ ምልልስ ነበር።

የሲስተሙ ገጽ የተገጠመው ራም 4 ጊጋባይት እንደሆነ ይናገራል። ልጅቷ ገጹን ለማስታወሻ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ያ ፎቶ ኋላ ላይ ትልቅ ሥራ ሠራልን።

ቻርጀሩን ነቀልን፣ ባትሪውን አወጣን፣ ማብሪያውን ጥቂት ተጭነን ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስለቀቅን። ከሥሩ ያለችውን ክዳን ስናነሳ ያገኘነው አንድ ስሎት ነው፤ የተሰካው ራም ደግሞ 2 ጊጋባይት።

"ሌላው ሁለቱስ የታለ፣ አጎቴ?"

የቲ420 ሁለተኛ ስሎት ያለው ኪቦርዱ ሥር ነው። የኪቦርድ ምልክት ያለባቸውን ብሎኖች ፈታን፤ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርገን ስናነሳው ሁለተኛው 2 ጊጋባይት ተገኘ። ሁለቱም ስሎቶች ተይዘዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጨመር ሳይሆን ሁለቱንም አውጥቶ በባለ 4 ጊጋባይት መተካት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበንንና ማክቡክ ኤርን የመሳሰሉ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ሲገዙ የነበረው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ለዓመታት ለሚጠቀም ሰው፣ ተከፍቶ የሚጠገን ኮምፒውተር ከስስነቱም ከውበቱም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የወጣውን ራም ይዘን መገናኛ አካባቢ ወዳሉት ሱቆች ሄድን። ተለጣፊው ላይ "ፒሲ3-10600ኤስ" ይላል። 3 ትውልዱን ማለትም ዲዲአር3 መሆኑን፣ 10600 በሰከንድ የሚያስተላልፈውን ሜጋባይት፣ "ኤስ" የላፕቶፕ መጠን መሆኑን ይናገራሉ። አንዱ ሻጭ "ጋሼ፣ ይኼ አዲሱ ነው፣ ይሻላል" ብሎ ዲዲአር4 ዘረጋልን። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ልጅቷ ልዩነቱን ወዲያው አየችው፤ መሰኪያው ላይ ያለው ቆረጥ ያለ ቦታ አይገጥምም። የላፕቶፕ ዲዲአር3 204 እግሮች አሉት፣ ዲዲአር4 ግን 260። በመጨረሻ የገዛነው "ፒሲ3ኤል" የሚል ነው። "ኤል" በ1.35 ቮልት መሥራት እንደሚችል ያሳያል፤ በመደበኛው 1.5 ቮልትም ስለሚሠራ ለዚህ ማሽን ይሆናል። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ 1.35 ብቻ የሚሰጥ ላፕቶፕ የ1.5ቱን ራም አይቀበልም።

አዲሶቹን አጋደም አድርገን ሰካን፣ ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ተጫንን። ባዮስ ውስጥ ገብተን ስናይ 8 ጊጋባይት ቆጥሯል። ደስ አለን።

ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ድንዛዜው ያው ነው። የሲስተሙን ገጽ ከፈትን፤ የተገጠመው 8 ጊጋባይት፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ ጥቅም ላይ የሚውለው 3 ገደማ ብቻ። አምስቱ የት ገቡ?

ራሙ ተበላሽቷል እንዳንል ባዮስ ሙሉውን አይቶታል። ስሎቱ ነው እንዳንልም ሁለቱም ተቆጥረዋል። ይኼኔ ልጅቷ ፎቶዋን አወጣች። ያኔ የተገጠመው 4 ነበር፤ በቅንፍ ያለው ግን ያኔም 3 ገደማ ነው። ራሙ እጥፍ ሲሆን ያ ቁጥር ከቦታው አልተነቃነቀም! የሚያግደው ከራሙ ውጭ ያለ ነገር መሆን አለበት። ከሥሩ ያለውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው፦ ባለ 32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር።

መልሱ ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ባይት እንደ ቤት የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት ቁጥሮች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፣ ማለትም 4 ጊጋባይት። ከእነዚህም ግራፊክሱና ሌሎች የማሽኑ ክፍሎች የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ፕሮሰሰሩ ከዚያ በላይ የመቁጠር አቅም ነበረው፤ ላፕቶፑ ሳይሸጥ በፊት የተጫነበት ዊንዶውስ ግን አሰረው።

ባለ 32 ቢቱን እንዳለ ወደ 64 ማሳደግ አይቻልም፣ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ፋይሎቿን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጠን ባለ 64 ቢቱን ጫንን። የዊንዶውስ ፈቃዱ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ሌላ ወጪ አልነበረም። ገጹን ስንከፍት ከ8ቱ ጥቂት ብቻ ጎድሎ ሌላው ሁሉ ለሥራ ክፍት ሆኗል፤ ኤክሴሉና ብራውዘሩም አብረው ይሠራሉ።

ራም ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሲስተሙን ገጽ ከፍታችሁ ያቺን መስመር አንብቡ። 32 የሚል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፤ ራሙ ይደርሳል።