ባዳ ኮምፒውተሮችን ያግባባው ከርሚት

እ.ኤ.አ. በ1981 በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዲስክ ቦታ ጠቦ ነበር። ተማሪዎች ዴክሲስተም-20 የሚባለውን ትልቅ ኮምፒውተር በጋራ ስለሚጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ማስቀመጫ ትንሽ ነው። ሥራቸውን በፍሎፒ ዲስክ ይዘው ቢሄዱ ችግሩ ይቃለላል፤ ፍሎፒ የሚወስዱት ግን ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። በዚያው ግቢ ደግሞ ከሁለቱም የማይመሳሰል የአይቢኤም ማሽን አለ። የኮምፒውተር ማዕከሉ ባልደረቦች ፍራንክ ዳ ክሩዝና ቢል ካቺንግስ እነዚህን ሁሉ የሚያግባባ ፕሮቶኮል ነደፉ። ስሙንም በቴሌቪዥን ከሚታወቀው አረንጓዴ የእንቁራሪት አሻንጉሊት ወስደው ከርሚት አሉት።

ማሽኖቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት አንድ ፊደል ይበቃል። የላቲኑ ትልቁ ‘ኤ’ በዴክ ማሽን ቁጥሩ 65 ሲሆን በአይቢኤም 193 ነው። የመስመር መጨረሻን አንዱ በአንድ ምልክት፣ ሌላው በሁለት ያሳያል፤ አይቢኤም ጭራሽ ምልክት ሳያኖር እያንዳንዱን መስመር ለብቻው መዝግቦ ይይዛል። የባሰው ጣጣ ያለው ግን መንገድ ላይ ነው። ብዙ የመገናኛ መስመሮች ከባይቱ 8 ቢት 7ቱን ብቻ ያሳልፋሉ። አንዳንዱን ምልክት ደግሞ በመካከል ያለ መሣሪያ ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ መስሎት ይውጠዋል።

ሁለቱ ሰዎች የመረጡት መፍትሔ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከየትኛውም መስመርና ከየትኛውም ማሽን ጥቂቱን ብቻ ለመጠየቅ ወሰኑ። ፋይሉ በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ከእሽጉ መክፈቻና መዝጊያ በቀር የሚላከው ሁሉ በወረቀት ሊታተም የሚችል ተራ ምልክት ይሆናል። መስመሩ ሊውጣቸው የሚችሉ ምልክቶች ጠቋሚ እየቀደመላቸው ወደ ተራ ፊደል ይለወጣሉ፤ ስምንተኛ ቢት ለሚያስፈልገው ባይትም ሌላ ጠቋሚ አለ። ተቀባዩ ጠቋሚዎቹን እያየ ዋናውን ይመልሳል። እያንዳንዱ እሽግ ርዝመቱን፣ ተራ ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ ይዘቱንና የማረጋገጫ ድምሩን ይይዛል። ተቀባዩ ድምሩን ራሱ አስልቶ ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ያው እሽግ እንዲደገም ይጠይቃል።

ብዙ ፋይል በአንድ ትእዛዝ መላክ የተቻለውም በእሽጎቹ ዓይነት ነው። ላኪው አስቀድሞ ምን ያህል ርዝመት እንደሚችልና ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይናገራል፣ ተቀባዩም የራሱን ይመልሳል፤ ሁለቱም በሚችሉት ይስማማሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ፋይል ስም ለብቻው ይሄዳል። ዶስን በመሰለ ማሽን ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ ስለማያልፍ፣ ተቀባዩ ስሙን እንደ ቤቱ ደንብ ያስተካክለዋል። ይዘቱ ይከተላል፣ የፋይሉ ማብቂያ ይነገራል፣ ወዲያው የሁለተኛው ስም ይመጣል። የስንብቱ እሽግ የሚላከው ሌላ ፋይል ከሌለ ብቻ ነው።

ከርሚት ቀርፋፋ ነው የሚል ስም ወጥቶለታል። መጀመሪያ ላይ በየእሽጉ መልስ ይጠብቅ ስለነበር እውነት ነው፤ ኋላ ረጃጅም እሽጎችና መልስ ሳይጠብቁ ብዙ እሽግ የማስከተል ዘዴ ተጨመሩለት። እኔ ግን ፈጥኖ ከሚቋረጥ መስመር ዘግይቶ የሚያደርሰውን እመርጣለሁ።

የእኛ ፊደል በዚህ መንገድ ቢጓዝ ምን እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። ‘ሀ’ ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ነው። በ7 ቢት መስመር ላይ ሦስቱም ጠቋሚ ያስፈልጋቸዋል፣ ሁለቱ እንዲያውም ሁለት ሁለት፤ ስለዚህ አንዱ ‘ሀ’ 8 ምልክት ይሆናል። የጥንቱ እሽግ ለይዘት 91 ምልክት ስለነበረው ከ11 ‘ሀ’ በላይ አይጭንም። ቢሆንም አንድም ሳይጎድል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበቃም ነበር። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የሰጡት ቁጥር የየራሳቸው ስለነበር፣ ፋይሉ አንድ ቢት ሳይጎድል ደርሶም ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ከርሚት ለታወቁ የፊደል ሰንጠረዦች የትርጉም ሥራ ይሠራ ነበር፤ የጋራ ሰንጠረዥ ለሌለው ጽሑፍ ግን ከባይቱ አልፎ የሚረዳበት መንገድ አልነበረውም።

ኮሎምቢያ ፕሮጀክቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ዘጋ፤ ኮዱ ግን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቀቀ። ትንንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን የሚያስነሳው ዩ-ቡት የተባለው ፕሮግራም ‘ሎድ-ቢ’ የሚል ትእዛዝ አለው። ሰሌዳው ገና ኔትወርክ ሳይኖረው በዚህ ትእዛዝ በሲሪያል ገመድ ፋይል የሚቀበለው በከርሚት ነው።